ዘጠኝ እንክብል በቀን? «የዓሣ ዘይት ብግነትን ያጠፋል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ከአምስቱ ሁለቱ «ፋርማሲስት አይደለሽ እንዴ፣ ይሄን ለምን ደብቀሽን ኖርሽ?» የሚል ወቀሳም ጨምረውበታል። እሺ፣ አልደብቅም።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይኸው። የበሽታ ሁሉ እናት ብግነት ነው፤ ብዙዎቻችን ኢንፍላሜሽን የምንለው ማለት ነው። ብግነቱን የሚያመጣው እንደ ኑግና ሱፍ ባሉ የምግብ ዘይቶች ውስጥ ያለው ኦሜጋ 6 የሚባል የስብ ዓይነት ነው። የሚያጠፋው ደግሞ የዓሣ ዘይት ውስጥ ያለው ኦሜጋ 3 ነው። ስለዚህ ኑጉን ተዉና በቅቤ ወይም በሚረጋ ዘይት ሥሩ፣ በቀን አንድ እንክብል የዓሣ ዘይት ዋጡ፣ እሱን ያጣ ተልባ ይጠጣ፣ ቁርጥማት ያለበት ሰው «ኬሚካል» መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይተው። ማሳረጊያው «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ነው።

ሁሉም ውሸት ቢሆን ኖሮ መልስ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር። የሚያስቸግረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። እውነቱ ደግሞ ከቦታው ተነቅሎ ሌላ ቦታ ተተክሏል።

መጀመሪያ ትክክል ያሉትን ልስጣቸው። በሕዋሳችን ግድግዳ ላይ አራኪዶኒክ አሲድ የሚባል የኦሜጋ 6 ዘመድ የሆነ ስብ አለ። ሰውነት ሲጎዳ ወይም ጀርም ሲገባው ይህን ስብ ቆርጦ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ መልእክተኞች ይሠራበታል። እነሱ ናቸው ቦታውን የሚያቀሉት፣ የሚያሳብጡት፣ የሚያሳምሙት። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ የሚሠሩት ይህን ሥራ በማገድ ነው። ጆን ቬን የሚባሉ እንግሊዛዊ በ1971 አሳይተውት፣ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር ኖቤል አግኝተውበታል። በዓሣ ዘይት ውስጥ ያለው ኢፒኤ የሚባለው ኦሜጋ 3 ስብ ደግሞ መልእክተኞቹን ለሚሠራው ኢንዛይም ይሻማል፤ ከእሱ የሚወጡት መልእክተኞች በአብዛኛው ደከም ያሉ ናቸው። ከዚህም ሌላ ከኦሜጋ 3 የሚሠሩ፣ ብግነት ሥራውን ሲጨርስ «በቃ፣ ተበተኑ» የሚሉ ሬዞልቪን የተባሉ ነገሮችን የቻርልስ ሰርሃን ቡድን አሜሪካ ውስጥ አግኝቷል። ስለዚህ ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሥር አለው።

ግን በላብራቶሪ ሳህን ላይ የሆነው ሁሉ በሰው ላይ ይሆናል ማለት አይደለም። ጥያቄው መሆን ያለበት «ይሠራል ወይ?» ሳይሆን «ለማን? በምን ያህል መጠን? ከምን ጋር ሲወዳደር?» ነው። ጽሑፉ ከሦስቱ አንዱንም አልጠየቀም።

«በቀን አንድ እንክብል የሚውጥ ጤነኛ ሰው ብግነቱ ይጠፋለታል» ይላል። ይህ እኮ ተሞክሯል። ቫይታል የተባለ የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎችን፣ ወንዶቹን ከ50 ዓመት ጀምሮ፣ ሴቶቹን ከ55 ጀምሮ፣ በዕጣ ከፋፍሎ ለግማሹ በቀን አንድ ግራም የዓሣ ዘይት፣ ለግማሹ የማስመሰያ እንክብል ሰጠ። ከአምስት ዓመት በላይ ተከታተላቸው። በልብ ሕመምና ስትሮክ ጥቅል ቁጥርም ሆነ በካንሰር በቂ ልዩነት አልታየም። ለእኛ ጉዳይ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ከውስጡ የወጣው ትንሹ ጥናት ነው። ከ1,500 በላይ የሚሆኑትን ደም በመጀመሪያና ከአንድ ዓመት በኋላ ወስደው የብግነት መለኪያዎችን አዩ፤ ብግነት ሲኖር ደም ውስጥ ከፍ የሚለውን ሲአርፒ የተባለ ፕሮቲንም ጭምር። የዓሣ ዘይቱ አላወረደውም። ይኸው ነው። ጤነኛ ሰው ላይ የሚጠፋ እሳት ከሌለ ውኃ ማፍሰሱ ምን ሊያሳይ ይችላል? የእኛ ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

«እኔ ግን ወስጄ ሲአርፒዬ ወርዷል» የሚል ይኖራል። አለም። ባለፈው አንድ ልጅ ሁለት የላብራቶሪ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋልኝ። የመጀመሪያው 18፣ ሁለተኛው 2። በመካከሉ ሦስት ሳምንት የዓሣ ዘይት ወስዷል። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። «የመጀመሪያውን ስትመረመር ምን ሆነህ ነበር?» አልኩት። ጉንፋን። ትኩሳት ነበረው፣ ጉሮሮው ቆስሎ ነበር። ሲአርፒ እኮ ጉንፋን ሲይዝ ይወጣል፣ ሲሻል ይወርዳል፤ ሎሚና ማር ጠጥቶ ቢሆንም ያው ይወርድለት ነበር። ይህን ስነግረው ትንሽ ቅር ብሎት ሄደ። ብግነት ራሱ ጠላት አለመሆኑንም እግረ መንገዴን ብናገር ደስ ይለኛል፤ ጣታችሁን ቢላ ሲቆርጠው የሚቀላው፣ የሚሞቀው፣ የሚያብጠው ቁስሉ እንዲድን ነው። ችግር የሚሆነው ሥራው አልቆ አልሄድም ሲል ነው።

ስለ ኤስኪሞዎች የተጻፈውን በፍጥነት ልለፈው። «ዓሣና የባሕር እንስሳ ስብ ስለሚበሉ የልብ በሽታ አያውቁም» ይላል ጽሑፉ። ታሪኩ ባንግና ዳየርበርግ ከተባሉ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ከግሪንላንድ የመጣ ነው። ተመራማሪዎቹ የኤስኪሞዎቹን የደም ስብ ለክተዋል፤ የልብ በሽታው ምን ያህል እንደሆነ ግን ራሳቸው ቆጥረው አላረጋገጡም። በ2014 የካናዳ ሐኪሞች የተጻፈውን ሁሉ መለስ ብለው ሲያዩ የኢኑይት ሕዝብ (ኤስኪሞ የምንላቸው) የልብ በሽታ ከሌላው የማያንስ ሆኖ አገኙት። አርባ ዓመት ሙሉ ግን ታሪኩ የእንክብል መሸጫ ሆኖ ኖሯል።

አሁን ወደ ትልቁ ማስረጃቸው። «ጥናት እንዳረጋገጠው የልብ ሕመምን በ25 በመቶ ይቀንሳል» ብለዋል። የትኛው ጥናት እንደሆነ አልጻፉም፣ ግን ቁጥሩ ያሳብቃል። ሪዱስ-ኢት ነው። 8,179 ሰዎች ነበሩበት። ሁሉም ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስባቸው ከፍ ያለ፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ፣ ወይ የልብ በሽተኛ ወይ ስኳር ከሌላ የልብ አደጋ ጋር ያለባቸው ናቸው። የተሰጣቸው ከሱፐርማርኬት የሚገዛው እንክብል አይደለም። ተጣርቶ ኢፒኤ ብቻ እንዲቀር የተደረገ፣ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ መጠኑም በቀን አራት ግራም። ከማስመሰያው ቡድን 22 በመቶው፣ ከመድኃኒቱ ቡድን 17.2 በመቶው የልብ ወይም የስትሮክ አደጋ ደረሰበት። 25 በመቶ የተባለው ከዚህ የመጣ ነው። ጥሩ ውጤት ነው፣ አልክድም።

ነገር ግን ማስመሰያው ምን ነበር? ማዕድናዊ ዘይት። እሱን በወሰዱት ሰዎች ላይ ሲአርፒ ከ2.1 ወደ 2.8 ገደማ ወጣ፣ መጥፎው ኮሌስትሮልም በ10 በመቶ ገደማ ጨመረ። እንግዲህ ሁለት ሯጮች ሲወዳደሩ አንደኛው እግሩን ቢያመው ሌላው ፈጣን መስሎ ይታያል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ይህ ውጤቱን በሙሉ አያስተባብልም ብሎ በ2019 ፈቅዶታል፤ ክርክሩ ግን አልቆመም። ምክንያቱም በ2020 ስትሬንግዝ የተባለ ሌላ ጥናት 13,078 ሰዎች ላይ በዚያው አራት ግራም ሞከረ፤ ኢፒኤና ዲኤችኤ (ሌላው የዓሣ ዘይት ኦሜጋ 3) አንድ ላይ፣ ማስመሰያው ደግሞ የበቆሎ ዘይት። ጥቅም እንደማይኖረው ስለታየ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ጸሐፊው አንደኛውን ጠቅሰው ሁለተኛውን ዘለሉት። አላዩትም ይሆናል። ግን ከሕዝብ ፊት የሚቀርብ ሰው ሁለቱንም ቢያይ አይከፋም።

ጉዳዩ የሚያስደስተኝ ቦታ ላይ ደረስን፤ ቁርጥማት። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙ እስማማለሁ። መገጣጠሚያን የሚበላው፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው በሽታ ላይ የዓሣ ዘይት እውነተኛ ጥቅም አሳይቷል። በ2007 17 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ እንዳገኘው፣ ሦስት አራት ወር የወሰዱት ሰዎች ሕመማቸው ቀነሰ፣ ጠዋት ሲነሱ እጃቸው ተገትሮ የሚቆይበት ደቂቃ አጠረ፣ የሚያማቸው መገጣጠሚያ ቁጥር አነሰ፣ የሚውጡት የሕመም ማስታገሻም ቀነሰ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዳይክሎፌናክ ጨጓራውን የላጠው ሰው ያውቀዋል።

ግን በምን ያህል መጠን? እዚህ ላይ አንዲት ደንበኛዬን ላምጣ። እማማ እላቸዋለሁ። ሩማቶይድ አለባቸው፣ ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የበሽታውን መድኃኒት በሳምንት አንዴ ይወስዳሉ። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው ትልቅ ጠርሙስ የዓሣ ዘይት ልካላቸዋለች፣ ከጽሑፉ ጋር። ጠርሙሱ ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ «1000 ሚሊግራም» ይላል። እማማም «አንድ ሙሉ ግራም እኮ ነው» አሉኝ በኩራት። አዙሬ ጀርባውን አሳየኋቸው። በደቃቁ ጽሑፍ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ይላል። ሲደመር 300። ቀሪው 700 ሚሊግራም ሌላ ሌላ ስብ ነው። በሩማቶይድ ጥናቶች ለውጥ የታየው ሁለቱ ተደምረው በቀን ከ2.7 ግራም ወዲያ አካባቢ ሲሆን ነው፣ ያውም ለወራት። ስለዚህ ከእሳቸው ጠርሙስ ዘጠኝ እንክብል በቀን። 

«ዘጠኝ!» አሉ እማማ። «ይሄማ ቁርስ ነው እንጂ መድኃኒት ነው?»

ሳቅን፤ ቀልዱ ግን የጽሑፉን ትልቅ ቀዳዳ ያሳያል። አንድ እንክብል ለማስታወቂያ ይበቃል፣ ለመገጣጠሚያ አይበቃም። ጠርሙስ የገዛችሁ ሰዎች አሁኑኑ አዙራችሁ ጀርባውን አንብቡ። ፊቱን አትመኑት። (በነገራችን ላይ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ የሚሠራ ጄላቲን ነው። ጾመኞችም ሙስሊም ደንበኞችም ይጠይቁኛል፤ እሱም እዚያው ጀርባው ላይ ይገኛል።)

«መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይተው» የምትለዋ መስመር ግን አናደደችኝ። ጥቅም ባሳዩት ጥናቶች ውስጥ ሰዎቹ በአብዛኛው መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው የዓሣ ዘይት የተጨመረላቸው። አውስትራሊያ ውስጥ በሽታው ገና የጀመራቸው ሰዎች ላይ የተሠራው ሥራም እንደዚያው ነው፤ 5.5 ግራም ከሦስት መድኃኒቶች ጋር ነው የተሰጠው፣ በእነሱ ፋንታ አይደለም። የዓሣ ዘይት ሕመም ያስታግሣል፤ አጥንት መበላቱን እንደ ሜቶትሬክሴት እንደሚያቆም ግን አልታየም። ሜቶትሬክሴቱን ትቶ እንክብል የያዘ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ነው። የተጣመመ ጣት ደግሞ ተመልሶ አይቃናም።

ጽሑፉ ሪህንም ከዚሁ ጎራ ከትቶታል። ሪህ ሌላ ነው። የዩሪክ አሲድ ጣጣ ነው። እኛ ቁርጥማት፣ ሪህ፣ ሩማቲዝም እያልን ሁሉንም አንድ ቅርጫት ውስጥ ስለምንከት ግራ ይገባናል። ሪህ ያለበት ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሰርዲን በየቀኑ ቢበላ ሌሊት በአውራ ጣቱ እየጮኸ ሊያድር ይችላል፤ ሰርዲን ዩሪክ አሲድ ከሚጨምሩት ምግቦች አንዱ ነው።

ብግነት ያለበት በሽታ ሁሉ ላይም አልሠራም። ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ብግነት ላይ ኤፒክ በተባሉ ሁለት ጥናቶች በቀን አራት ግራም ተሰጥቶ በሽታው እንዳይመለስ አላደረገም፤ ውጤቱ በ2008 ወጥቷል። የዓይን ድርቀት ላይ ደግሞ በ2018 535 ሰዎች ተሳትፈው ሁለት ሦስተኛ ገደማው ሦስት ግራም ኦሜጋ 3፣ ቀሪዎቹ የወይራ ዘይት ወሰዱ። በዓመቱ ሁለቱም ቡድን ተሻለው። እኩል። የወይራ ዘይቱን የወሰዱት ብቻቸውን ቢጠየቁ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ፤ «እንክብሉ አዳነኝ»። በሌላ በኩል ዴንማርክ ውስጥ እርጉዞች በመጨረሻዎቹ ወራት 2.4 ግራም ሲሰጣቸው ልጆቻቸው ላይ የማያቋርጥ ሲርሲርታና አስም ከ23.7 ወደ 16.9 በመቶ ወርዷል። መተንፈሻ ቧንቧ ላይ የሆነው አንጀት ላይ አልሆነም። «ብግነት» የሚባል አንድ በሽታ ስለሌለ ነው።

ወደ ኑጋችን እንመለስ፤ ይቺ ነገር ከሁሉ በላይ ማዕድ ቤታችንን ስለምትነካ። የጽሑፉ ሒሳብ እንዲህ ነው፦ ኦሜጋ 6 ወደ አራኪዶኒክ ይለወጣል፣ አራኪዶኒክ ብግነት ይሠራል፣ ስለዚህ ኑግ ብግነት ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። ኑግና ሱፍ በኦሜጋ 6 የበለጸጉ መሆናቸውም እውነት ነው። ሰውነት ግን ቧንቧ አይደለም፣ ከላይ ያፈሰስክበት ሁሉ ከታች አይወጣም። ለውጡን ጠበቅ አድርጎ ይቆጣጠራል። በ2011 ጥናቶቹን አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች ሰዎች የሚበሉትን ሊኖሌይክ አሲድ (በኑግና ሱፍ ውስጥ ያለው ዋናው ኦሜጋ 6) እስከ ስድስት እጥፍ ቢጨምሩም፣ በ90 በመቶ ቢቀንሱም በደማቸው ያለው አራኪዶኒክ መጠን ብዙም እንዳልተነቃነቀ አገኙ። በ2012 ደግሞ በጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረጉ 15 ሙከራዎች ሲታዩ ይህ ስብ የብግነት መለኪያዎችን ለመጨመሩ ማስረጃ አልተገኘም።

የሚረጋው ዘይትስ? ፓልም ማለት ነው፣ ከሸማቾች ተሰልፈን የምንገዛው። ስዊድን ውስጥ 39 ወጣቶችን ለሰባት ሳምንት ኬክ አብዝተው አበሏቸው፤ ለግማሹ በፓልም ዘይት፣ ለግማሹ በሱፍ አበባ ዘይት የተጋገረ። የጨመሩት ክብደት ተመሳሳይ ነበር። ጉበታቸው ላይና ሆዳቸው ውስጥ የተከማቸው ስብ ግን የፓልሞቹ በለጠ። ቅቤም ሆነ ፓልም መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋሉ። ኑጉን ጥሎ ወደ እነሱ መሄድ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ገንዘብ አጥሮት ፓልም የሚጠቀመውን ሰው አልወቅስም፤ ኑግ መግዛት የሚችለውን «ጣለው» የሚለውን ነው የምወቅሰው። ጸሐፊው ስለ ዘይት መጨነቅ ከፈለጉ ጥቁር እስኪሆን ደግመው ደጋግመው ሳምቡሳ የሚጠብሱበትን ዘይት ይጻፉልን፤ እሱ ላይ አብሬያቸው እቆማለሁ።

ተልባን እወዳታለሁ። በጾም ቤቴ አትጠፋም፤ ተቆልታ፣ ተፈጭታ፣ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ውስጥ ተበጥብጣ። ለሆድ ድርቀት የሚያህላት የለም። ከዘይቷም ከግማሽ በላዩ ኦሜጋ 3 ነው። ነገር ግን ኤኤልኤ የሚባለው ዓይነት ነው፣ የዓሣው ኢፒኤ አይደለም። ሰውነታችን ከእሱ ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው፣ ወደ ዲኤችኤ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ተልባ ጠጡ፣ ግን የዓሣ ዘይት ምትክ ነው ብላችሁ አይደለም። ዓሣ የሚበላ ሰው ደግሞ የትኛውን እንደሚበላ ይወቅ። የሐይቆቻችን ቆሮሶ ግሩም ፕሮቲን ነው፣ ኦሜጋ 3ው ግን ትንሽ ነው። ቆርቆሮ ሰርዲን ይሻላል፤ መቶ ግራሙ ውስጥ አንድ ግራም ገደማ አለ። ከላይ ባሰላነው ጠርሙስ ሦስት እንክብል መሆኑ ነው።

በመጨረሻ «ጉዳት የለውም» የምትለዋ። በሪዱስ-ኢት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው የልብ ምት መዛባት ሆስፒታል የገቡት 3.1 በመቶ ነበሩ፣ በማስመሰያው 2.1። በስትሬንግዝም አዲስ የምት መዛባት የታየባቸው 2.2 ለ 1.3 ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን በሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው ያዘነበለው፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም መጠኑ ሲጨምር አደጋው እንደሚጨምር አስጠንቅቋል። እኛ አገር በልጅነት ጉሮሮ ሕመም የተነሳ የልብ በራቸው የተጎዳ ብዙ ወጣቶች አሉ። ከእነሱ ውስጥ ምታቸው የሚዛባ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪንም የሚወስዱ አሉ። ለእነሱ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ዘጠኙን ዋጡ» ማለት አይቻልም፤ ሐኪማቸው ሳያውቅ መጀመር የለባቸውም። እርጉዞችም ተራውን የዓሣ ዘይት ከኮድ ጉበት ዘይት ይለዩ። ልጅ ሆነን በማንኪያ ያጠጡን የነበረው ያ ነገር ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛው በብዛት ከተወሰደ ጽንስ ሊጎዳ ይችላል።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ስለ ኤስኪሞውም ስለ 25 በመቶውም ብንከራከር ችግር የለም፣ ሌላ ቀን እንቀጥላለን። መድኃኒት ስለመተው የጻፏትን መስመር ግን ዛሬውኑ ያውጡልኝ። እማማ ያን ቀን ከእኔ ጋር ቆመው ለልጃቸው ደወሉላት። «ሐኪሙን ሳልጠይቅ አልተውም፣ ሜቶትሬክሴቴን እወስዳለሁ» አሏት። ከዚያ ስልኩን በእጃቸው ከለል አድርገው ወደ እኔ ዞሩና «ዘጠኙን ግን አልነገርኳትም፤ ሌላ ሦስት ጠርሙስ ትልክብኛለች» አሉኝ።